የእትዬ እርሳስ ጣሳዎች

የወንድሜ ሚስት በዕድሜዋ አንድም ቀን ጠመንጃ ተኩሳ አታውቅም። እንኳን ልትተኩስ፣ ጎረቤት በሩን ወርወር አድርጎ ሲዘጋው የምትደነግጥ ሴት ነበረች። ያም ሆኖ በእኛ በኩል ያሉ አዳኞች ለትልቅ አውሬ የትኛውን ጥይት እንግዛ ብለው ሲጨነቁ፣ ከጠመንጃ ሱቁ ባለቤት አስቀድመው የሚጠይቁት እሷን ነበር።

ነገሩ የመጣው ከሥራዋ ነው። እሷና እኔ የምንሠራው የአደን ሥጋ በሚሰናዳበት ቤት ነበር። አዳኞች ፈቃድ አውጥተው የጣሉትን አጋዘን በመኪና ጭነው ያመጣሉ። እሷ ትገፍፋለች፣ ትበልታለች፤ እኔ እመዝናለሁ፣ ቁጥር አስርበታለሁ፣ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ እሰቅላለሁ። ወለሉ መቼም ደርቆ አያውቅም። መብራቱ ነጭ ስለሆነ ጤነኛውን ሰው ሁሉ በሽተኛ ያስመስለዋል። የእሷ ጠረጴዛ ከመስኮቱ ሥር ነበር፤ ሦስት ቢላዎች ነበሯት፤ ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም።

እንስሳው ጠረጴዛዋ ላይ ሲወጣ ወዲያው ቢላ አታነሳም። እጅጌዋን ሰብስባ ጥይቱ የገባበትን ቀዳዳ ትፈልጋለች። ጣቷን ከትታ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ መንገዱን ትከተለዋለች። «በዚህ ገባ… ጎድኑን ነካ… ሳንባውን በሳው… እዚህ ቆዳው ሥር ተኝቷል» ትላለች፤ ሲከፈት እንዳለችው ነው። አረሩን፣ ማለትም ከጥይቱ ላይ ተነቅሎ የሚበረውን ጫፍ፣ አውጥታ በሙቅ ውሃ ታጥበዋለች። ከዚያ ወደ አዳኙ ዞር ትላለች፦ በስንት እርምጃ ተኮስክ? ጎኑን ነበር የሰጠህ ወይስ ደረቱን? ከተመታ በኋላስ ምን ያህል ሄደ? መልሱን በትንሽ ወረቀት ጽፋ ከአረሩ ጋር ጣሳ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ጣሳዎቹ የሻይ ቅጠልና የብስኩት ነበሩ፤ እንደ አረሩ ውፍረት ከቀጭን እስከ ወፍራም መደርደሪያው ላይ ተሰልፈዋል።

የአረር ሆዱ እርሳስ ነውና «እትዬ እርሳስ» አሏት፤ በዚያው ቀረ። አዲስ ሰው ስሙን ሲሰማ አስተማሪ ትመስለዋለች። አንድ አባት ልጆች የምታስጠና መስሎት እስከ ሥራ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ በደም የተነከረ ሽርጧን ባየ ጊዜ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ወጥቶ ሄደ። ይህን ስታስታውስ እንባዋ እስኪመጣ ትስቅ ነበር።

ስለ ጥይት የምታምነውን ነገር በሆዷ አትይዝም። አንድ ቀን አንድ የባንክ ሠራተኛ ትከሻው የተበረቃቀሰ አጋዘን ይዞ መጣ።

«ይሄን በምን መታኸው?» አለችው።

እንደ አውራ ጣት የሚወፍረውን ጥይቱን ከኪሱ አውጥቶ በኩራት አሳያት።

«ታዲያ አጋዘን ነው የገደልከው ወይስ ድልድይ ነው ያፈረስከው? ግማሹ ሥጋ እኮ ለውሻ ሆነ።»

«ትልቅ አውሬ ትልቅ ጥይት ነው የሚፈልገው እትዬ።»

«ስትተኩስ ዓይንህን ትጨፍናለህ አይደል?»

ሰውየው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እኛም ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዞርን።

እሷ እንዲህ ትል ነበር። ወፍራም ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ይራገጣል። የሚራገጥ ጠመንጃ የያዘ ሰው ደግሞ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ትከሻው ይሸሻል፤ አንጀት መትቶ ይመለሳል። ቀጭኑ አይራገጥም፤ ሰውየው ተረጋግቶ ሳንባው ላይ ያስቀምጠዋል። ነገር ግን ቀጭን ሁሉ አንድ አይደለም። ቀላልና የመዳብ ልባሱ ስስ የሆነው ለቀበሮ የተሠራ ነው፤ ትልቅ እንስሳ ላይ ገና ከቆዳው ሳያልፍ ይፈረካከሳል። ረዘም፣ ከበድ ያለውና ልባሱ ወፍራም የሆነው ግን ሁለቱንም ሳንባ በስቶ፣ በወዲያኛው ጎን ቆዳ ሥር እንደ እንጉዳይ አብቦ ይገኛል። ማስረጃሽ ምንድን ነው ላላት የስድስት ሚሊሜትሩን ጣሳ ታወርድለታለች። ሠላሳ አንድ አረር፣ ሠላሳ አንድ ወረቀት ነበር። ከሠላሳ አንዱ አንድም እንስሳ ከተመታ በኋላ መቶ እርምጃ አልተሻገረም።

የጠመንጃ ሱቁ ባለቤት ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው መነጽር ከአንገቱ ስለማይወርድ «መነጽሩ» ነው የምንለው። በሱቁ ውስጥ ክርክር ሲነሳ «እርሳሷ ብላለች» ይላል፤ ክርክሩ ያበቃል።

ወንድሜ አናጺ ነበር። ታላቄ ስለሆነ ጋሼ ነው የምለው። ሰፊ ደረት፣ ጎርናና ድምፅ ነበረው፤ በሳቀ ቁጥር ብርጭቆ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። አሥራ ስምንት ዓመት አብረን አድነናል። ከአባታችን የወረሰው ባለ ዘጠኝ ሚሊሜትር ጠመንጃ እንደ በሬ የሚራገጥ ነበር፤ እሱ ግን ይወደው ነበር፤ ሲተኩስም ዓይኑን አይጨፍንም። ሚስቱ ለሌላው ሁሉ ቀጭን ጥይት ስትመክር የእሱን ጠመንጃ አንድ ቀን ነቅፋው አታውቅም።

አንድ ጊዜ የትምህርት ቤት ጣራ ሲያለብስ ከመወጣጫው ወደቀ። ቀኝ ትከሻው ሦስት ቦታ ተሰበረ፤ ብረት ገባለት። ሐኪሙ መዶሻ ቀስ በቀስ መያዝ እንደሚችል፣ ያን ጠመንጃ ግን ዳግመኛ ትከሻው ላይ ማሳረፍ እንደማይታሰብ ነገረው።

ሁለት የአደን ወቅት መስኮት ሥር ተቀምጦ አሳለፈ። እኔ ጓዜን ጭኜ ሳልፍ እጁን ያነሳልኛል፤ ፈገግ ለማለት ይሞክራል፤ አይሆንለትም። የማይተኩሰውን ጠመንጃ በየሳምንቱ ፈታቶ ዘይት ይቀባዋል። ነጭናጫ ሆነ። ሌላ ከተማ በነርስነት የምትሠራው ልጁ ስትደውል እንኳ «ደህና ነን፣ እናትሽን ላቅርብልሽ» ብሎ ስልኩን ያቀብላል። ጠዋት ተነስቶ ጫማውን ማሰር የማይፈልግበት ቀን መጣ። እትዬ ይህን ስትነግረኝ ቀዝቃዛው ክፍል በር ላይ ቆማ ነበር፤ እጇን በሽርጧ ደጋግማ ትጠርጋለች።

«ዓይኔ እያየ እየሟሸሸብኝ ነው ዋርሳዬ» አለችኝ። «አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ።»

በዚያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። የስድስት ሚሊሜትሩን ጣሳ በመሐረብ ጠቅልላ ከሥራ ቤት አምጥታ ኖሮ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ወንድሜ።

«መድኃኒትህ።»

ከፍቶ አየና በአፍንጫው ሳቀ። «የጥንቸል ጠመንጃ ልታስይዢኝ ነው? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ምን እንደሚል እኔ ልንገርህ፤ ሰው የሚጠይቀው እኔን አይደል?»

አረሮቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ ወረቀቶቹን ማንበብ ጀመረች። ሴት አጋዘን፣ መቶ አርባ እርምጃ፣ ሁለቱም ሳንባ፣ ሃምሳ እርምጃ ሄዳ ወደቀች። ወንድ አጋዘን፣ ዘጠና እርምጃ፣ የልቡ አናት፣ ከቆመበት አልተነቃነቀም። መጀመሪያ ወንድሜ ወደ መስኮቱ እያየ ነበር የሚሰማት። አሥረኛው ላይ የንባብ መነጽሩን አደረገ። ሃያኛው ላይ ወንበሩን ስቦ ቀረበና «እስቲ ያንን ድገሚልኝ» አላት። ሠላሳ አንዱ ሲያልቅ አንዱን አረር በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃኑ አንስቶ እያገላበጠ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ሁሉ እያወቅሽ ሁለት ዓመት ዝም ያልሽኝ ምን በድዬሽ ነው?» አለ። ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጠውን ሳቁን ከወደቀ ወዲህ ያን ቀን ነው የሰማነው።

ማክሰኞ ሦስታችንም ሱቅ ሄድን። መነጽሩ ቀላል፣ ለትከሻ ለስላሳ የሆነ ባለ ስድስት ሚሊሜትር ጠመንጃ አቀረበለት፤ ሁለት ካርቶን ጥይትም አወጣ።

«ይሄኛው አራት ግራም ተኩል ነው፤ እንደ መብረቅ ይፈጥናል» አለ። «ይሄ ደግሞ ስድስት ግራም ተኩል ነው፤ ልባሱና እርሳሱ የተጣበቁ ናቸው፤ ቶሎ አይበተንም።»

እትዬ የመጀመሪያውን ካርቶን ዞር ብላም አላየችው። ሁለተኛውን ከፍታ አንዷን አውጥታ መዳፏ ላይ አንከባለለቻት። ለልጇ የሠርግ ልብስ የምትመርጥ እናት ነበር የምትመስለው፤ ጉንጯ ሁሉ ፈክቶ።

«ይሄ ነው የኔ ጌታ» አለችው ለወንድሜ።

መነጽሩ አገጩን አከከ። «ለትልቁ ወንድ አጋዘን ግን አቅሙ በጭንቅ ነው የሚበቃው እትዬ። ልክ ጎኑን ካልሰጠ አይተኮስበትም።»

«ይሰጠዋል» አለች። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

ወንድሜ ወር ሙሉ ወረቀት ላይ ሲለማመድ ቆየ። በመቶ ሃምሳ እርምጃ ላይ አምስት ጥይት በአንድ የሻይ ሲኒ አፍ ውስጥ ያስገባ ነበር። «እንደ ሕፃን እጅ ነው የሚነካኝ» ይለኛል ትከሻውን እያሻሸ። ጫማውን ማሰር ጀመረ። ልጁ ስትደውል ስልኩን እሱ ያነሳ ጀመር፤ ስለ ጥይት እያወራ ያሰለቻታል።

የአደኑ ወቅት በተከፈተ ማለዳ ጫካው አፋፍ ላይ ነበርን። ፀሐይ ወጣ እንዳለች አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ከቁጥቋጦ ወደ ገላጣው ወጣ። በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ ግዙፉ ነው። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ይርቃል፤ ሰውነቱ ወደ እኛ ገደድ ብሎ፣ የፊት ትከሻው ሳንባውን ከልሎት ቆመ።

«ቆይ ጋሼ፣ ይዙር» አልኩት በሹክሹክታ።

አላየኝም። ጉንጩ ሰደፉ ላይ ነበር፤ የትንፋሹን ድምፅ እሰማለሁ። ሁለት ዓመት የጠበቀ ሰው ነው። ተኮሰ።

አጋዘኑ ከፊት እግሩ ጎበጥ አለና ተስፈንጥሮ ጫካው ውስጥ ገባ። ከቆመበት ስንደርስ ቁንጥር ፀጉርና የአጥንት ስንጣሪ አገኘን። ወንድሜ ስንጣሪዋን አንስቶ አየና ፊቱ አመድ መሰለ፤ የሳንባ ደም አረፋ አለው፣ እዚያ ግን አረፋ የሚባል ነገር አልነበረም።

እየተከተልን ሄድን። ደሙ መጀመሪያ በየአሥር እርምጃው ነበር፤ ቀጥሎ በየሃምሳው ሆነ፤ ከሰዓት በኋላ ጨርሶ ጠፋ። ያን ዕለት እስኪመሽ ፈለግን። በማግስቱ ዝናብ ዘንቦ የቀረውንም አጠበው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ሥራ መመለስ ነበረብኝ፤ የወቅቱ መጀመሪያ ስለሆነ ቀዝቃዛው ክፍል ሰው አልነበረውም።

«በቃ ጋሼ፣ እንመለስ» አልኩት።

«አንተ ሂድ። እኔ አቁስዬ ጥዬው አልገባም። ቤት ስገባ ምን ልላት ነው?»

ትቼው ሄድኩ። ይኸው ነው የሠራሁት ሥራ፤ ባሳምረውም አያምርም።

በአምስተኛው ቀን የጫካ ጠባቂዎች ከወንዙ በላይ ካለ ገደል ሥር አገኙት። ድንጋዩ በዝናቡ ሟልጦ አንሸራትቶታል። ከላይ በግራ እጁ የጨበጠው የዛፍ ሥር አፈሩን ፍቆ ወጥቶ ነበር። ቀኝ እጁ ከትከሻው በላይ ስለማይነሳ በአንድ እጅ ነው የታገለው።

ጠባቂዎቹ መጀመሪያ የደወሉት ለእኔ ነው። እትዬ ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች፤ ግማሽ የተገፈፈ እንስሳ ከፊቷ ተዘርግቷል። ከቀዝቃዛው ክፍል ስወጣ አየችኝ። አፌን ሳልከፍት ቢላዋን አስቀመጠች።

«ተገኘ» አልኳት።

«በሕይወት?»

አንገቴን ደፋሁ። ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን ታጠበች፤ በሳሙና፣ እስከ ክርኗ፣ ሁለት ጊዜ። ውሃውን ዘጋች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጠየቀችኝ።

«የትኛውን ጥይት ነበር የተኮሰው?»

«ያንቺን» አልኳት።

ከአፌ አመለጠኝ። ክፋት አስቤ አልነበረም፤ የከበደውን፣ የመረጥሽለትን ማለቴ ነበር። ቃሉ ግን አንዴ ወጣ። ትከሻዋ ሰብሰብ ሲል አየሁት። ወንበር ሳናቀርብላት እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠች።

ቀበርነው። ልጃቸው መጥታ ሦስት ሳምንት ቆየች፤ ሥራ ቤት ያሉትን ጣሳዎች ልትጥል ብትነሳ እናቷ «እነሱን እንዳትነኪ» አለቻት፤ እሷ ራሷ ግን ቀና ብላም አላየቻቸው። እኔን ልጅቷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «አጎቴ፣ ለምን ብቻውን ተውከው?»  ደግማ አልጠየቀችኝም።

እትዬ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ትገፍፋለች፣ ትበልታለች። ጣቷን ግን ቀዳዳ ውስጥ መክተት ተወች፤ አረር ስታገኝ ከአጥንቱ ጋር ባልዲ ውስጥ ትጥለዋለች። አዳኞች እንደ ልማዳቸው «እትዬ፣ ስድስት ተኩሉ ይሻላል ወይስ ሰባቱ?» ሲሏት «እኔ ምን አውቃለሁ?» ትላለች። አኩርፋ የምትመስላቸው ነበሩ። እኔ ግን ሌሊት አብሯት ያደረው ቃል ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ ስንት ጊዜ እስከ ጠረጴዛዋ ሄጄ ተመልሻለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ወቅቱ ሊዘጋ ሲል አንድ ሽማግሌ አዳኝ ትልቅ ወንድ አጋዘን ይዘው መጡ። ቀንዱ ግሩም ነው፤ ገላው ግን ከስቷል። ያነክስ ስለነበር አዝነውለት እንደተኮሱት ነገሩን፤ የጣሉትም ወንድሜ ከተኮሰበት ገላጣ ብዙም በማይርቅ ሥፍራ ነው። አጋዘኑን ጠረጴዛዋ ላይ አወጣሁላትና ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ትንሽ ቆይታ ጠራችኝ። «ዋርሳዬ፣ ና እስቲ።»

የፊት ትከሻውን ከፍታው ነበር። የመገጣጠሚያው አጥንት ተሰብሮ በራሱ ጊዜ ጠግጓል፤ እንደ ዛፍ ጉብታ አብጦ ደንድኗል። ጉብታውን በመጋዝ ሰንጥቃዋለች። መሐሉ ላይ፣ አጥንት እንደ ጎጆ በከበባት ጉድጓድ ውስጥ፣ አንዲት የተቆለመመች ቀጭን አረር ተቀምጣለች።

አወጣቻት፤ እንደ ድሮው በሙቅ ውሃ አጠበቻት። በትንሿ ሚዛን መዘነቻት፤ ሦስት ግራም ከትንሽ ነው። ግማሿ አጥንቱ ላይ ተበትኖ ቀርቷል። የቀረው የኋላ ወገቧ ውፍረት ስድስት ሚሊሜትር ነው፤ ልባሷ ላይ ያለው ቀለበትም ያኔ ሱቅ ውስጥ መዳፏ ላይ ባንከባለለቻት ጥይት ላይ የነበረው ነው።

«የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል» አልኳት።

«አታጽናናኝ። በሁለት መቶ እርምጃ፣ ገደድ ብሎ ቆሞ፣ ትከሻው ላይ። አንተው ነህ የነገርከኝ።»

«ይዙር ብዬው ነበር እትዬ። ጥይቱ ምን አደረገ? ጥፋቱ የአቋቋሙ ነው።»

ወደ መደርደሪያው ሄዳ ሁለት ዓመት ያልነካችውን ጣሳ አወረደች፤ አቧራውን በክንዷ ጠረገች። ከፍታ ሠላሳ አንዱን አፈሰሰቻቸው። ሁሉም አብበው ያማሩ ናቸው። የተቆለመመችውን አጠገባቸው አስቀመጠቻት። 

«ታውቃለህ?» አለች። «እኔ ጋ የመጡት ሁሉ የሞቱት ናቸው። ያልሞተ አጋዘን መቼ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ያውቃል? ሠላሳ አንድ ወድቋል እያልኩ ስፎክር ስንቱ ይሄን ተሸክሞ በየጫካው እንደሚያነክስ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ወረቀት የጻፍኩት ለወደቀው ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ነገሩን ባያውቁትም የሆነ ነገር ገብቷቸዋል።

«ለእሱ ትከሻ እንጂ ለአጋዘኑ ትከሻ አልመረጥኩም» አለች። «እሱ እንዲስቅ ነው የፈለግኩት።»

«ያን ቀን ‹ያንቺን› ማለት አልነበረብኝም እትዬ» አልኳት። በመጨረሻ ወጣልኝ፤ ድምፄ ግን እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

«ውሸት አልተናገርክም» አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። ስንቀብረው እንኳ ያላለቀሰችውን ለቅሶ፣ ጠረጴዛው ላይ በሁለት እጇ ተደግፋ። ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠው ወጡ። እኔ መብራቱን አጠፋሁ፤ ያ ነጭ ብርሃን እንዲያያት አልፈለግኩም፤ የመስኮቱ በቂ ነበር።

በማግስቱ አንድ ባዶ የብስኩት ጣሳ አጥባ አደረቀች። ከዚያ ወዲህ ለሚመጣው አዳኝ ሁሉ አንድ ጥያቄ ጨመረች፦ «ያመለጠህስ አለ?» ማንም ማመን አይፈልግም ነበር። አዳኝ የገደለውን እጥፍ አድርጎ ያወራል፤ ያቆሰለውን ግን ለሚስቱም አይናገርም። እሷም አትቆጣም፤ ሥራዋን እየሠራች ትጠብቃለች። ቀስ በቀስ አንዳንዱ እየቀረበ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይነግራት ጀመር። ያ የባንክ ሠራተኛ እንኳ አንድ ቀን ሁሉም እስኪወጣ ጠብቆ «ሦስት ናቸው እትዬ፣ አንዷ ከነልጇ ነበረች» አላት። ጻፈችው። በምን ጥይት፣ በስንት እርምጃ፣ በምን አቋቋም፣ ስንት ሰዓት እንደተፈለገና እንደጠፋ። አረር የሌለው ወረቀት ብቻ የያዘ ጣሳ ነበር፤ በሁለት ወቅት ክዳኑ አልገጥም አለ።

ወረቀቶቹን ይዛ መነጽሩ ጋ ሄደች። ከዚያ በኋላ የምትመክረው ሌላ ሆነ። ቀጭኑን ጥይት አልረገመችም፤ ከወፍራሙም ያመለጠ ብዙ እንደሆነ ወረቀቶቹ ያሳዩ ነበር። ግን ለትልቁ ወንድ አጋዘን ስድስት ሚሊሜትር ልግዛ የሚላትን ሰው ቀጥ ብላ እያየች «ጎኑን ባይሰጥህ ተኩስህን ትተህ ትመለሳለህ? ሁለት ዓመት ጠብቀህ ብትሆንም?» ትለዋለች። መልሱ የዘገየ እንደሆነ «እንግዲያው ከጓደኛህ ጋር ሂድና አይተህ ተመለስ። ጠመንጃውን ቤት ተወው» ትለዋለች። መነጽሩ በዚህ ብዙ ደንበኛ እንደቀረበት ሲያማርር ሰምቻለሁ፤ «እርሳሷ ብላለች» ማለቱን ግን አልተወም።

እጇ በዚያ ሥራ አላረጀም ማለት አይቻልም። ሃያ ምናምን ዓመት ቀዝቃዛ ሥጋና ውሃ ነክቶ ጣቶቿ መታጠፍ እንቢ አሉ። ቢላዎቿን በእሷ ቦታ ለተተካችው ሴት፣ ጣሳዎቹን ለመነጽሩ ሰጥታ ወደ ልጇ ከተማ ሄደች።

ባለፈው ዓመት ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ልጇ ሆስፒታል ተረኛ ነበረች፤ ሁለታችን ብቻ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ከታች ሰዎች ልብስ ያሰጣሉ፤ አንድ ሰውዬ ብስክሌት ይጠግናል። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ጉልበቴ አወራን። ከዚያ ድንገት፣ ለብዙ ዓመት ሳትጠይቀኝ የኖረችውን ጠየቀችኝ።

«በሦስተኛው ቀን ስትለየው ሌላ ምን አለህ?»

አሰብኩ። ደህና ነገር ልነግራት ፈለግኩ፤ ስሟን እንደጠራ፣ እንደናፈቃት። አላለም ነበር።

«‹የያዝኩት ዳቦ ሻግቷል፣ ያንተ ደርቋል ወይስ ይበላል?› አለኝ። ግማሽ ዳቦና የቀረኝን አይብ ሰጠሁት። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እኔ ፊት በላው። ውሃም ጠጣ።»

እትዬ በዚያ በማይታጠፍ እጇ ክንዴን ያዘችኝ።

«በልቶ ነበር?»

«በልቶ ነበር።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት እኮ ተርቦ ነው የሞተው ብዬ ነው የኖርኩት» አለችና ዓይኗን ወደ ብስክሌቱ ጠጋኝ መለሰች። ክንዴን አልለቀቀችም። ልጇ ከሥራ እስክትመለስ እንደዚያው ተቀመጥን።